የቤተሰብ መኪና የሰርቪስ ፕሮግራም በድሬዳዋ፦ የትኛው ለየትኛው ክፍል ይሻላል?

በድሬዳዋ የቤተሰብ መኪና ያለው ሰው መኪናውን መቼ ሰርቪስ ማድረግ እንዳለበት ቢጠይቅ አራት የተለያዩ መልሶች ያገኛል። የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ብዙ ጊዜ በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ ወይም በየ12 ወሩ ይላል። ይኸው መጽሐፍ ጥቂት ገጾች አለፍ ብሎ፣ መኪናው በአቧራማ መንገድ የሚሠራ፣ ከባድ ጭነት የሚይዝ ወይም ቆሞ ሳለ ሞተሩ ለረጅም ጊዜ የሚሠራ ከሆነ ይህ ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል ብሎ ሌላ ሠንጠረዥ ያስቀምጣል። የሰፈር መካኒክ መኪናው ምን እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቅ «በየ5,000» ይላል። ጎረቤት ደግሞ ድምፅ ሲያሰማ ማሳየት በቂ ነው ብሎ ይገላግላል። አራቱም መልሶች ተከታይ አላቸው፤ የመጨረሻው እንዲያውም ከሁሉም ይበዛሉ ብዬ የምጠረጥራቸው ተከታዮች አሉት።

ከእነዚህ መካከል አንዱን መርጦ ለመኪናው በሙሉ ማዋል ትክክል አይመስለኝም። የድሬዳዋ ሙቀት፣ አቧራ፣ ውኃና ወደ ሐረር የሚያወጣው የደንገጎ ዳገት አንዳንድ የመኪና ክፍሎችን በጣም ያስቸግራሉ፤ ሌሎቹን ግን አይነኳቸውም። ስለዚህ ምርጫው በክፍል በክፍል ቢሆን ገንዘብም ይቆጥባል፣ መኪናም ያቆያል። ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር በዚህ መንገድ የተዘጋጀ ሲሆን፣ በዋናነት የሚመለከተው ከጃፓን ወይም ከዱባይ ተገዝተው የገቡትንና በከተማው የሚበዙትን ትንንሽ የቤንዚን መኪኖች፣ ማለትም ቪትዝን፣ ያሪስን፣ ኮሮላንና መሰሎቻቸውን ነው።

ኪሎ ሜትር ወይስ ወር?

መመሪያ መጻሕፍት ኪሎ ሜትርንና ወርን ጎን ለጎን አስቀምጠው ቀድሞ የደረሰው ይያዝ ይላሉ። ብዙው ባለመኪና ግን የሚመለከተው ኪሎ ሜትሩን ብቻ ነው። በየሳምንቱ አዲስ አበባ ለሚመላለስ መኪና ይህ ልማድ ጉዳት የለውም፤ ኪሎ ሜትሩ ሁልጊዜ ከወሩ ይቀድማልና። የድሬዳዋ የቤተሰብ መኪና ኑሮ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ጠዋት ከሳቢያን ተነስቶ ልጆችን ከዚራ አድርሶ፣ ወደ ሥራ ዞሮ፣ ማታ በመጋላ በኩል አስቤዛ ይዞ የሚመለስ መኪና በቀን ቢበዛ 20 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ነው። በዓመት 300 ቀን እንዲህ ቢነዳ 6,000 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ 10,000 እስኪሞላ የሚጠብቅ ባለቤት እንግዲህ ዘይቱን የሚቀይረው ከ1 ዓመት ከ8 ወር በኋላ ነው ማለት ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሞተሩ በአጭር ጉዞ በደንብ ሳይሞቅ እየጠፋ፣ ያልተቃጠለ ቤንዚንና እርጥበት ከዘይቱ ጋር እየተቀላቀለ ይቆያል፤ በዘይቱ ውስጥ ያሉት ዝገትንና አሲድን የሚከላከሉ ቅመሞችም መኪናው ቢሄድም ባይሄድም ይደክማሉ።

በመሆኑም በከተማ ውስጥ ብቻ ለሚሽከረከር መኪና ከኪሎ ሜትር ይልቅ ወርን መከተል ይሻላል፤ በየ6 ወሩ ቢባል ከበቂ በላይ ጥንቃቄ ነው። ለዚህ የሚመቹት ወራት በእኔ ግምት የኅዳር መጀመሪያና የግንቦት መጀመሪያ ናቸው። የኅዳሩ ሰርቪስ መኪናው ታኅሣሥ 19 ለቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ቤተሰብ ጭኖ ዳገቱን ከመውጣቱ በፊት ይደርሳል፤ የግንቦቱ ደግሞ ከከተማው እጅግ ሞቃት ሳምንታት ቀድሞ፣ ለሐምሌው ንግሥም ጊዜ ሳይፈጅ ያልቃል። በየቀኑ ድሬዳዋና ሐረር የሚመላለስ ሰው ግን አንዱ ጉዞ ብቻ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ 5,000 ኪሎ ሜትር በ2 ወር ውስጥ ሊሞላው ይችላል፤ እርሱ ቆጣሪውን ይከተል።

የሞተር ዘይት

እዚህ ላይ ሁለት ምርጫዎች ይደባለቃሉ፤ አንዱ የዘይቱ ውፍረት ነው፣ ሌላው የዘይቱ ዓይነት። በውፍረት በኩል በከተማው ሱቆች በብዛት የሚገኘው 20 ደብልዩ 50 (20W-50) የሚባለው ወፍራም ዘይት ነው፤ «አገሩ ሞቃት ስለሆነ ወፍራም ዘይት ያስፈልጋል» የሚለው አባባልም ይህንኑ ይደግፋል። አባባሉ ለድሮ ሞተር እውነት አለው። ብረቱ ተበልቶ ክፍተቱ የሰፋ፣ ዘይት የሚበላ አሮጌ ሞተር በ20 ደብልዩ 50 ድምፁ ይቀንሳል፣ የዘይት ግፊቱም ይሻሻላል። ከ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ለተሠራ፣ መመሪያው 5 ደብልዩ 30 ወይም 0 ደብልዩ 20 ለሚል ሞተር ግን ወፍራም ዘይት ጠዋት ሲነሳ ወደ ላይኛው የሞተር ክፍል ቶሎ አይደርስም፤ በቀጫጭን የዘይት መንገዶች የሚሠሩትን የቫልቭ መቆጣጠሪያዎች ያዘገያል፣ ቤንዚንም ይጨምራል። መጽሐፉ ራሱ ለሙቅ አገር የሚፈቅደውን የውፍረት ክልል በሥዕል ስለሚያሳይ፣ ከዚያ ክልል ውስጥ ወፍራሙን መምረጥ ይቻላል፤ ለምሳሌ ከ5 ደብልዩ 30 ወደ 10 ደብልዩ 40 መሄድ ብዙ ጊዜ ክልሉን አይለቅም።

በዓይነት በኩል ያለው ምርጫ በተለምዶው ዘይትና በሲንተቲክ መካከል ነው። ሲንተቲክ ሙቀትን የበለጠ ይችላል፣ ረጅም ኪሎ ሜትርም ይሄዳል፣ ዋጋውም በዚያው ልክ ከፍ ያለ ነው። ይሁን እንጂ ከላይ እንዳልነው መኪናው በ6 ወር ውስጥ 3,000 ኪሎ ሜትር ብቻ ከሄደና ዘይቱ በወር ምክንያት የሚቀየር ከሆነ፣ ባለቤቱ ሲንተቲኩ ሊሰጠው ይችል የነበረውን ርቀት ሳይጠቀምበት ያፈሰዋል። ትንሽ ሞተር የሚወስደው ከ3 እስከ 4 ሊትር በመሆኑ ልዩነቱ በአንድ ጊዜ ብዙ ባይመስልም በዓመት ሁለት ጊዜ ሲሆን ይታወቃል። ስለዚህ በከተማ ብቻ ለሚነዳ መኪና ትክክለኛ ውፍረት ያለው ከፊል ሲንተቲክ (የሁለቱ ድብልቅ) ዘይት በየ6 ወሩ፣ ደንገጎን ለሚያዘወትር መኪና ደግሞ ሙሉ ሲንተቲክ በኪሎ ሜትሩ ቢሆን የሚሻል ይመስለኛል። በጋሎኑ ላይ ኤ.ፒ.አይ (API) ከሚለው የዘይት ደረጃ ምልክት ቀጥሎ ያሉትን ፊደላት ማየትም ይጠቅማል፤ ለቤንዚን ሞተር ኤስ.ኤን ከኤስ.ኤል፣ በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤስ.ፒ ደግሞ ከኤስ.ኤን ይሻላል። የዘይት ፊልትሮ በየዘይት ቅያሬው ይቀየር። ፊልትሮን አንድ ጊዜ እየዘለሉ መቀየር የሚያተርፈው ብር አዲሱን ዘይት ከአሮጌ ጭቃ ጋር ለመቀላቀል የተከፈለ ነው።

ራዲያተር፦ አጭሩ ፕሮግራም የግድ የሚሆንበት ቦታ

በድሬዳዋ ከማንኛውም የመኪና ክፍል ይልቅ ትኩረት የሚገባው የማቀዝቀዣው ክፍል ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋውም እርሱው ነው። ሦስት አማራጮች በሥራ ላይ ይታያሉ፦ የቧንቧ ውኃ መሙላት፣ ኩላንትን (ዝገትን የሚከላከል የማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ከውኃ ጋር ቀላቅሎ መሙላት፣ ተዘጋጅቶ የመጣ ኩላንት እንዳለ መሙላት።

የቧንቧ ውኃ ርካሽ ነው፤ ሙቀት በማስተላለፍ በኩልም ከኩላንት አያንስም። ችግሩ የድሬ ውኃ ኖራ የበዛበት መሆኑ ነው። በማንኛውም ቤት ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት በራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎችና በሞተሩ ውስጥ ባሉት የውኃ መንገዶችም ይጋገራል፤ ልዩነቱ የማንቆርቆሪያው ሲታይ የራዲያተሩ አለመታየቱ ብቻ ነው። ከዚህ በተጨማሪ ውኃ ብቻውን አልሙኒየሙን ያዝገዋል፣ የውኃ ፓምፑንም ማኅተም ያደርቃል። የመፍላት ጉዳይም አለ። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ ክፍት ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ96 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው፤ 1,850 ሜትር ላይ ባለችው ሐረር ደግሞ በ94 ገደማ። ጤነኛ ሞተር የሚሠራው በ90 አካባቢ በመሆኑ በመካከሉ ያለው ልዩነት እጅግ ጠባብ ነው። መኪናው ሳይፈላ ዳገት የሚወጣው የራዲያተሩ ክዳን ውኃውን በግፊት ይዞ የመፍያ ነጥቡን ከ20 ዲግሪ በላይ ስለሚያሳድገው ነው። ስለዚህ የክዳኑ ጎማ ከተሰነጠቀ ወይም ስፕሪንጉ ከላላ፣ ራዲያተሩ አዲስ ቢሆን እንኳ መኪናው ደንገጎ አጋማሽ ላይ ያፈላል። ክዳን ከሁሉም የማቀዝቀዣ ክፍሎች ርካሹ ነው፤ ራዲያተር ለማሳጠብ ገንዘብ ከማውጣት በፊት መታየት ያለበትም እርሱ ነው። ሞተሩ ሳይበርድ ግን ማንም አይክፈተው።

ኩላንትን ከውኃ ጋር በእኩል መጠን መቀላቀል ዝገትን ይከላከላል፣ የመፍያ ነጥቡንም በጥቂት ዲግሪዎች ያሳድጋል፤ የሚቀላቀለው ውኃ ግን ዲስቲልድ ውኃ መሆን አለበት፣ አለበለዚያ ኖራው በሌላ በር ተመልሶ ይገባል። ተዘጋጅቶ የመጣው ኩላንት ዋጋው ከፍ ቢልም በቅልቅሉ ስህተት አይፈጠርበትም። ቀለም ደረጃ እንዳልሆነ ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ የሁለት ፋብሪካዎች አረንጓዴ ኩላንቶች የተለያየ ቅመም ሊኖራቸው ስለሚችል መመሪያው የሚጠይቀውን ዓይነት በስሙ መግዛት ይገባል። ቶዮታ በፋብሪካ የሚሞላው ሮዝ ኩላንት ለመጀመሪያ ጊዜ በ160,000 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ በየ80,000 ኪሎ ሜትሩ እንዲቀየር ይፈቅዳል። ይህን መደበኛ ፕሮግራም መከተል የሚችለው ግን ራዲያተሩ አንድም ቀን የቧንቧ ውኃ ያልቀመሰ መኪና ብቻ ነው። ተጠቅሞ ለገባና ታሪኩ ለማይታወቅ መኪና በመጀመሪያ ታጥቦ አዲስ መሙላት፣ ከዚያ በየ2 ዓመቱ መቀየር የተሻለ ነው።

በአካባቢያችን የተለመደ አንድ መፍትሔ እዚህ ላይ መነሳት አለበት፤ መኪና ሲያፈላ ቴርሞስታቱን፣ ማለትም የውኃውን መንገድ እንደ ሙቀቱ የሚከፍትና የሚዘጋውን ክፍል፣ አውጥቶ መጣል። ይህ ለአንዳንድ አሮጌ ሞተሮች የሠራ ዘዴ ነው። በብዙ አዳዲስ ሞተሮች ግን ቴርሞስታቱ ሲከፈት ውኃውን ወደ ራዲያተሩ ከመምራት በተጨማሪ የማቋረጫውን መንገድ ይዘጋል፤ ሲወጣ ማቋረጫው ክፍት ስለሚቀር ከውኃው ከፊሉ ራዲያተሩን ሳያይ ተመልሶ ሞተሩ ውስጥ ይገባል። በቀዝቃዛ ጠዋት ደግሞ ሞተሩ ሳይሞቅ እየሠራ ቤንዚን ይበላል። የሚያፈላ መኪና ክዳኑ፣ ፋኑ፣ ቺንጋው (ቀበቶው)፣ ራዲያተሩ በዚህ ቅደም ተከተል ይታይ፤ ቴርሞስታቱ ተበላሽቶ ከተገኘ በሌላ ይተካ እንጂ ባዶ አይቅር። አንዴ ከመጠን በላይ የጋለ ሞተር ቴስታታው (የላይኛው ክዳኑ) ሊጣመም ይችላል፤ የዚያን ጊዜ የሚወጣው ወጪ የዓመታት ኩላንት ይገዛል።

ፍሬን

ከሐረርና ከሐሮማያ በኩል በደንገጎ ወደ ድሬዳዋ መውረድ ለፍሬን ከባድ ፈተና ነው። እዚህም የሚነጻጸሩ ሁለት ልማዶች አሉ። አንደኛው የፍሬን ዘይትን የሚያየው ሲጎድል ብቻ ነው፤ ሁለተኛው በየ2 ዓመቱ ሙሉ በሙሉ ይቀይረዋል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ እርጥበቱ በጨመረ ቁጥር ደግሞ ቶሎ ይፈላል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ ደረጃው የሚጠይቀው ዝቅተኛ የመፍያ ነጥብ 205 ዲግሪ ሲሆን እርጥበት ከሳበ በኋላ 140 ነው፤ የዶት 4 ደግሞ 230 እና 155 ነው። ዘይቱ ቁልቁለት ላይ ሲፈላ አረፋ ይፈጥራል፣ ፔዳሉም ያለ ምንም ተቃውሞ እስከ ወለሉ ይወርዳል። ለከተማ ብቻ ዶት 3 በቂ ነው፤ ደንገጎን ለሚያዘወትር ሰው ወደ ዶት 4 መሻገር አስተማማኝ ምርጫ ነው፣ ሁለቱ በባሕርይ ስለሚስማሙ። ዶት 5 የሚለው ግን በሲሊኮን የተሠራ ስለሆነ ከእነዚህ ጋር ጨርሶ አይቀላቀልም። የትኛውም ዘይት ቢሆን ቁልቁለቱን በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ፣ በአውቶማቲክም ዝቅ ባለው ማርሽ ሞተሩን እያስያዙ መውረድን አይተካም።

የቀሩት ክፍሎች

የአየር ፊልትሮ ነገር አጭር ነው። መመሪያው 40,000 ኪሎ ሜትር ቢልም፣ በደረቀ የወንዝ አሸዋና በአቧራ መካከል የሚኖር መኪና ፊልትሮው በየዘይት ቅያሬው ተከፍቶ መታየት አለበት። በኮምፕሬሰር ነፍቶ መልሶ መግጠም የተለመደ ቢሆንም ጠንካራ አየር ወረቀቱን በዓይን በማይታይ መጠን ይቀዳድደዋል፤ አዲስ መግዛቱ ይሻላል።

ጎማ ጠዋት መኪናው ሳይንቀሳቀስ ይለካ። በየ10 ዲግሪው ሙቀት ግፊቱ ከ1 እስከ 2 ፒ.ኤስ.አይ (የጎማ ግፊት መለኪያ) ስለሚጨምር በቀትር ጎሚስታ ዘንድ ተለክቶ ትክክል የተባለ ጎማ ማታ ጎድሎ ያድራል። በጎማው ጎን ያሉት አራት ቁጥሮች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ያሳያሉ፤ 2321 ቢል በ2021 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ያልተበላ ግን ዕድሜው ከ6 ዓመት ያለፈ ጎማ በዚህ ፀሐይ በባለሙያ ሊመረመር ይገባል። ባትሪንም ሙቀት ያሳጥረዋል፤ ከግንቦት በፊት ማስለካት በቂ ነው።

ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ካንዴላ በተቃራኒው መደበኛው ፕሮግራም የሚበቃው ዕቃ ነው። ኢሪዲየም ካንዴላ 100,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሠራል፤ ተራው ከ20,000 እስከ 30,000። በየሰርቪሱ ካንዴላ ይቀየር የሚል መካኒክ ምክንያቱን ይጠየቅ። የቫልቮቹን ጊዜ የሚጠብቀው የሞተር ጊዜ ቺንጋም እንዲሁ ነው፤ የቪትዝ ሞተሮች በሰንሰለት ስለሚሠሩ የሚቀየር ቺንጋ የላቸውም፣ በጎማ ቺንጋ የሚሠሩት አሮጌ የኮሮላ ሞተሮች ግን በ100,000 ኪሎ ሜትር ገደማ መቀየር አለባቸው።

ማን ይሥራው?

ዋስትናው ያላለቀ አዲስ መኪና ምርጫ የለውም፤ ወኪሉ በሚያዘው ቦታና ጊዜ ካልተሠራ ዋስትናው ሊቀር ይችላል። ለሌሎቹ ግን ወደ አዲስ አበባ ወኪል መመላለስ የሚያዋጣ አይደለም፤ ለዘይት ቅያሬ ደርሶ መልስ 900 ኪሎ ሜትር ያህል መንዳት ራሱ ከ5,000 ኪሎ ሜትሩ የሰርቪስ ጊዜ አንድ አምስተኛ ያህሉን ይበላል። ባቡር በ1895 ዓ.ም. ከደረሰባትና ከዚያ ወዲህ በወርክሾፖቿ ብረት ሲቀጠቀጥባት ከኖረች ከተማ ደግሞ ጥሩ እጅ አይጠፋም። የሐረርን ፔጆ 404 ታክሲዎች የተመለከተ ሰው፣ ማምረቱ በአብዛኛው በ1975 እ.ኤ.አ. ያበቃን መኪና በሥራ ላይ ያቆየው ምን ዓይነት ሙያ እንደሆነ ይገባዋል።

ነገር ግን ያ ሙያ በጆሮና በእጅ የሚሠራ ነው፤ በሴንሰር የሚመራ መኪና በተጨማሪ የኮምፒውተር መመርመሪያ ይፈልጋል። ስለዚህ ለዘይት፣ ለፊልትሮ፣ ለፍሬንና ለራዲያተር የሚታመን የሰፈር መካኒክ፣ የሞተር መብራት ሲበራ ደግሞ መመርመሪያ ያለው ጋራዥ መጠቀም ተገቢ ክፍፍል ነው። ዘይቱንና ፊልትሮውን ባለቤቱ ራሱ ገዝቶ ማቅረቡ፣ የወጣውንም ዕቃ ተቀብሎ ማየቱ ጥርጣሬን ያስቀራል። ለቦሎ የሚደረገው ዓመታዊ ምርመራ መኪናው በዚያ ቀን ለመንገድ ብቁ መሆኑን እንጂ ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ አይመለከትም፤ እርሱን እንደ ሰርቪስ መቁጠር አይገባም። ቀኑ፣ ኪሎ ሜትሩና የዘይቱ ዓይነት የሚጻፍበት ደብተር ከሊብሬው ጋር ቢቀመጥ፣ ሻጩ የሚናገረውን ብቻ አምኖ የገዛ ሰው የጎደለው ምን እንደሆነ ያሳያል። እንዲህ ያለ ደብተር የሌለው መኪና የገዛ ሰው ቆጣሪው ምንም ይበል፣ ፈሳሾቹን ሁሉ ቀይሮ ከዜሮ ቢጀምር ይሻለዋል።

ኤሌክትሪክ መኪና ከሆነስ?

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ጥያቄው ወደ ኤሌክትሪክ መኪናም ዞሯል። የሞተር ዘይት፣ ካንዴላና የጊዜ ቺንጋ የሉትም፤ የቤት ውስጥ አየር ፊልትሮ፣ የፍሬን ዘይት፣ የባትሪ ማቀዝቀዣ ፈሳሽና ባለ12 ቮልቱ ትንሽ ባትሪ ግን ወር ተቆጥሮ የሚታዩ ናቸው። ክብደቱ ስለሚበዛ ጎማ ቶሎ ይበላል። ፍሬኑ በአንጻሩ ሞተሩ ራሱ እየያዘ ባትሪ ስለሚሞላ ረጅም ጊዜ ይቆያል፤ ሆኖም ባትሪው ሙሉ ከሆነ ተጨማሪ ኃይል የሚቀበልበት ቦታ ስለሌለው ይህ መያዝ ይዳከማል። ሐረር አድሮ ወደ ድሬዳዋ የሚወርድ ሰው እንግዲህ ባትሪውን 100 በመቶ ሞልቶ ከመነሳት ይልቅ 80 ወይም 85 በመቶ ላይ ቢያቆም፣ በደንገጎ ቁልቁለት የሚመነጨው ኃይል መግቢያ ያገኛል፣ የፍሬን ፓዱም ብዙ አይግልበትም።